ወፍጮው ፈጣን ነው፣ ጊዜ የሚበላው መንገዱ ነው፦ ልጆቻችን በሃይቴክ ፈተና ስለሚጠየቁት አንድ ነገር

ባለፈው ወር በሃይፋ ሃዳር ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። አንደኛው ለታናሽ ሴት ልጃቸው የቀረበ የኮምፒውተር ኮርስ ውል ነው። ክፍያው ብዙ ሺህ ሸቅል ነው፤ ቀብዱ እስከ እሑድ እንዲከፈል ይጠይቃል። ሁለተኛው ትልቁ ወንድ ልጃቸው ከአንድ የሃይቴክ ድርጅት የተጻፈለት መልስ ነው። ልጁ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ በመፈለግ ላይ ነው። ድርጅቱ እቤቱ ሆኖ እንዲሠራው የፕሮግራም ፈተና ሰጥቶት ነበር። መልሱ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ውጤቱ ትክክል ነው፤ ፕሮግራሙ ግን በጣም ዘገምተኛ ነው፤ እስከ ሐሙስ አሻሽለህ ልትልክልን ትችላለህ።

እኒህ እናት የገረማቸው መዘግየቱ ብቻ አልነበረም። «ልጄ የሚለኝ ሌላ ነው» አሉኝ። «መጀመሪያ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ጻፍኩት፣ ዘገየ። ስለዚህ ከባዱን ስሌት ሲ በሚባለው በፈጣኑ ቋንቋ ሠራሁት፤ እንዲያውም ባሰበት ይለኛል። ፈጣኑን መሣሪያ ይዞ እንዴት ይዘገያል? እንዲህ ያለ ነገር አለ? ወይስ ልጁ ትምህርቱን በደንብ አልተማረም?»

እንዲህ ያለ ነገር አለ። ልጁም ሰነፍ አይደለም። የገጠመው ነገር በሙያው ውስጥ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰዎች እንኳ የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። የእናትየው ጥያቄ ደግሞ ልክ የፈታኙ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ነገሩን ወላጆችና አዛውንቶች በሚገባቸው መንገድ እናስረዳለን። በመጨረሻም ይህን ማወቅ ኮርስ ለመምረጥና ውል ለመፈረም እንዴት እንደሚጠቅም እናያለን።

ሁለቱ ቋንቋዎች

ሲ የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ በ1972 ገደማ በዴኒስ ሪቺ የተሠራ ነው። ፓይተንን የሠራው ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለው የሆላንድ ሰው ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው በ1991 ነው። ሁለቱም ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራባቸዋል፤ ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ልዩነታቸውን ለመረዳት ኩፓት ሆሊም ሐኪም ዘንድ ስትገቡ አብሯችሁ የሚቀመጠውን አስተርጓሚ አስቡ። ሐኪሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ አስተርጓሚው ይተረጉማል፤ እናንተ ትመልሳላችሁ፣ እንደገና ይተረጉማል። ነገሩ ይገባችኋል፣ መጠየቅም መመለስም ትችላላችሁ፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ፓይተን እንደዚህ ነው። የተጻፈውን ትእዛዝ አንድ በአንድ እያየ የሚያስፈጽም አስተርጓሚ የሚባል ፕሮግራም አለው። ለሚጽፈው ሰው ቀላል ነው፤ ስህተትም ቶሎ ይታያል።

ሲ ግን አስቀድሞ ተተርጉሞ እንደታተመ መጽሐፍ ነው። የተጻፈው ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይለወጣል። ሥራው ሲጀመር መሃል ላይ የሚቆም አስተርጓሚ የለም። ለዚህ ነው ፈጣን የሚባለው። ነገር ግን መጻፉ ከባድ ነው፤ ትንሽ ስህተት ፕሮግራሙን በሙሉ ሊጥለው ይችላል።

እንግዲህ ባለሙያዎች ሁለቱን ያጋባሉ። ቀላሉንና ተለዋዋጩን ክፍል በፓይተን ይጽፋሉ፤ ከባዱን ስሌት ለሲ ይሰጡታል። በፓይተን ላይ የሚቀጠል በሲ የተጻፈ ክፍል ብዙ ጊዜ ቅጥያ ይባላል። እዚህ ላይ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው።

ወፍጮ ቤት መሄድ

በጎንደርም በወሎም ያደጋችሁ ሁሉ እህል በእጅ ወፍጮ መፍጨት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀኑን ሙሉ ተጎንብሶ የሚፈጨውን ጤፍ የሞተር ወፍጮ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ታዲያ ወፍጮ ቤቱ ሩቅ ነው፤ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ ነው።

አሁን አንዲት ሴት ከአቁማዳዋ አንድ ፍሬ ጤፍ ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች እንበል። አስፈጭታ ተመለሰች፤ ከዚያ ሁለተኛዋን ፍሬ ይዛ ሄደች። ወፍጮው የቱንም ያህል ቢፈጥን ይህች ሴት እቤቷ በእጅ ወፍጮ ከምትፈጨው ጎረቤቷ ኋላ ትቀራለች። ጊዜዋን የበላው ወፍጮው አይደለም፤ መንገዱ ነው።

ልጁ ያደረገው ይህንን ነው። ብዙ ሚሊዮን ቁጥሮች ነበሩት። በሲ የጻፈው ስሌት አንድ ቁጥር ተቀብሎ አንድ ቁጥር የሚመልስ ነው። ፓይተኑም በየቁጥሩ እየጠራ ይልከው ነበር። ሲ ስሌቱን በፍጥነት ሠርቷል፤ ግን በየአንዳንዱ ቁጥር የመሄጃና የመመለሻ መንገድ ተከፍሏል።

ሂሳቡን ለማየት ያህል ቀለል ያሉ ቁጥሮች እንውሰድ። አንድ ጊዜ ከፓይተን ወደ ሲ ተሻግሮ መመለስ የሰከንድ አስር ሚሊዮንኛ ይፈጃል እንበል። ሲ ራሱ ለአንድ ቁጥር የሚያጠፋው ጊዜ ደግሞ የዚህ መቶኛ ነው እንበል። አስር ሚሊዮን ቁጥር አንድ በአንድ ከተላከ መንገዱ ብቻ 1 ሰከንድ ይወስዳል፤ ስሌቱ ግን የሰከንድ አንድ መቶኛ ብቻ ነው። ያው ስሌት ፓይተን ውስጥ ሳይሻገር ቢሠራ ለእያንዳንዱ ቁጥር የመንገዱን ግማሽ ጊዜ የሚፈጅ ከሆነ ጠቅላላው ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ፈጣኑ ሲ የተሻገረው ሥራ እቤቱ ከቀረው በእጥፍ ዘገየ ማለት ነው። «ባሰበት» የሚለው የልጁ ቃል እውነት ነበር።

አስሩም ሚሊዮን ቁጥር በአንድ ጊዜ ቢላክስ? መንገዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል፤ ጠቅላላው ጊዜ ወደ ሰከንድ አንድ መቶኛ ይወርዳል። ስሌቱ አልተለወጠም፣ ኮምፒውተሩም ያው ነው። የተለወጠው አሰጣጡ ብቻ ነው።

ቋጠሮውን መፍታት

መንገዱ አንደኛው ወጪ ነው። ሁለተኛው ወጪ ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት ነው፤ የእህሉ አቀማመጥ።

ፓይተን አንድን ቁጥር ባዶውን አያስቀምጠውም። እያንዳንዱን ፍሬ በራሱ ጨርቅ ቋጥሮ «ይህ ቁጥር ነው፣ ዓይነቱ ይህ ነው፣ ይህን ያህል ሰው ይዞታል» የሚል ምልክት አስሮበት ያስቀምጠዋል። ይህ ለፓይተን ይጠቅመዋል፤ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ቁጥርም፣ ስምም፣ ሌላም ነገር ቀላቅሎ እንዲይዝ ያስችለዋል። ዋጋው ግን ቦታና ጊዜ ነው። ዛሬ በምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ላይ በተለመደው ፓይተን አንድ ባለነጥብ ቁጥር 24 ባይት ይይዛል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የት እንዳለ የሚያመለክተው ደግሞ ሌላ 8 ባይት ነው። በሲ ያው ቁጥር 8 ባይት ብቻ ነው። አንድ ሚሊዮን ቁጥር በፓይተን ዝርዝር 32 ሚሊዮን ባይት ሲይዝ በሲ 8 ሚሊዮን ባይት ይበቃዋል ማለት ነው።

ወፍጮው ቋጠሮ አይፈጭም። ስለዚህ ዝርዝሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢላክ እንኳ ሲ ከመሥራቱ በፊት እያንዳንዱ ቋጠሮ መፈታት አለበት፤ ውጤቱ በፓይተን ዝርዝር እንዲመለስ ከተፈለገም እያንዳንዱ ፍሬ እንደገና መቋጠር አለበት። ብዙ ጊዜ ይህ መፍታትና መቋጠር ከራሱ ከስሌቱ ይበልጣል።

መፍትሔው እህሉን ከመጀመሪያው በአቁማዳ ማስቀመጥ ነው። ፓይተን ቁጥሮችን ሳይቋጥር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥበት መንገድ አለው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ናምፓይ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ ትራቪስ ኦሊፋንት የተባለው አሜሪካዊ የቀድሞዎቹን መሣሪያዎች አዋሕዶ የመጀመሪያውን ሙሉ እትም በ2006 አወጣው። ዛሬ የሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ በፓይተን ሲሠራ ከሥሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ አቁማዳ አለ።

ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አቁማዳ ያለው ሰው ከአቁማዳው አንድ በአንድ ፍሬ እያወጣ እቤቱ ልፍጭ ካለ ከቋጠሮውም የባሰ ይዘገያል፤ በየአንዳንዱ ፍሬ አዲስ ቋጠሮ መሥራት ግድ ይለዋልና። ናምፓይን ተጠቅሞ በፓይተን ትእዛዝ አንድ በአንድ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም የሚዘገየው ለዚህ ነው። መሣሪያውን መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ሥራውን በአቁማዳ መስጠት ያስፈልጋል።

ከአቁማዳ ወደ አቁማዳ መገልበጥ

ሦስተኛው ወጪ ግልበጣ ነው። እህሉ በአቁማዳ ቢመጣም ወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ «መጀመሪያ ወደ እኔ ጆንያ ገልብጡት» ካለ ሁለት ጊዜ ሥራ ነው። ፋይሉ ትልቅ ሲሆን ይህ ግልበጣ ጊዜም ሚሞሪም ይበላል።

የፓይተን ሠሪዎች ለዚህ አንድ ስምምነት አበጁ። በ2008 ከወጣው ፓይተን 3.0 ጋር የመጣው ይህ ስምምነት ፓይተን ለሲ እህሉን ሳይገለብጥ «አቁማዳው እዚህ ቦታ ቆሟል፣ ይህን ያህል ፍሬ አለው፣ እያንዳንዱ ፍሬ ይህን ያህል ትልቅ ነው» ብሎ ቦታውን ብቻ እንዲያሳየው ያደርጋል። ሲም እዚያው ሄዶ ያነባል። ከትልቅ ፋይል ቁራጭ ብቻ ሲፈለግም ሜሞሪቪው የሚባለው የፓይተን መሣሪያ ቁራጩን ሳይገለብጥ ያሳያል። ያለ እሱ ግን ባይቶችን በቆረጥን ቁጥር አዲስ ግልባጭ ይሠራል።

መንገዱንም ራሱን ሲያሳጥሩት ቆይተዋል። ድሮ አንድ የሲ ቅጥያ ሲጠራ የሚላኩለት ነገሮች በየጊዜው በአዲስ ጥቅል ይታሸጉ ነበር። በ2019 ከወጣው ፓይተን 3.8 ጀምሮ ሳይታሸጉ በቀጥታ የሚተላለፉበት መንገድ ሰፍቷል። መንገዱ አጠረ እንጂ ግን አልጠፋም። አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ሰው አሁንም ይደክማል።

የሃይፋ ልጅ የሆነ ምሳሌ

ይህ ሁሉ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከሃዳር ሽቅብ ወደ ቀርሜሎስ ተራራ ስትሉ ቴክኒዮን የሚባለው ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ ያስተማሩ ያዕቆብ ዚቭና አብርሃም ለምፔል የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1977 እና በ1978 ባወጧቸው ጽሑፎች መረጃን ሳያበላሹ የማሳነስ ዘዴ ለዓለም አበረከቱ። የዘዴው ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ቃል ወይም ሐረግ ቀደም ብሎ ተጽፎ ከሆነ እንደገና አትጻፈው፤ «ይህን ያህል ፊደል ወደኋላ ሂድ፣ ከዚያ ይህን ያህል ቅዳ» ብለህ ምልክት አድርግ። ይህ ሥራቸው በ2004 በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር እንደ ታላቅ የቴክኖሎጂ ምዕራፍ ተመዝግቧል። ሁለቱም ምሁራን ያረፉት በ2023 በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ነው።

በዚህ ዘዴ ላይ ተመሥርተው ዣን ሉፕ ጋይሊና ማርክ አድለር ዚሊብ የተባለውን በሲ የተጻፈ መሣሪያ በ1995 ለሕዝብ አወጡ። ዚፕ የምንላቸው ፋይሎችና ፒኤንጂ የሚባሉት ሥዕሎች በዚሁ ዘዴ የተጠቀጠቁ ናቸው። ፓይተንም ዚሊብን የሚጠራበት በሲ የተጻፈ ቅጥያ አብሮት ይመጣል። አንድ ወጣት በፓይተን ፋይል ሲጠቀጥቅ ከሃይፋ የወጣውን ሐሳብ በሲ ወፍጮ ያስፈጫል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአሰጣጡ ነገር በጣም ግልጽ ይሆናል። ብዙ ሺህ መስመር ያለው ፋይል አለ እንበል። አንደኛው ሰው ፋይሉን በትልልቅ ቁራጭ ለዚሊብ ይሰጣል። ሌላው እያንዳንዱን መስመር ለብቻው እንዲጠቀጠቅ ይልካል። ሁለተኛው ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል። አንደኛ መንገዱን በየመስመሩ ይከፍላል። ሁለተኛ ዘዴው የሚሠራው ወደኋላ እያየ ስለሆነ፣ ዚሊብም እስከ 32 ሺህ ባይት ያህል ወደኋላ ስለሚያስታውስ፣ መስመሩ ለብቻው ሲላክ የሚያስታውሰው ነገር የለውም። ስለዚህ ጊዜ ከመፍጀቱ በላይ የሚወጣው ፋይል ራሱ ትልቅ ይሆናል። መረጃን በምን ያህል ቁራጭ እንደምንሰጥ መምረጥ ለፍጥነትም ለውጤትም ወሳኝ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሌላም የከተማችን ታሪክ አለ። ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የንድፍ ማዕከሉን በ1974 የከፈተው በሃይፋ ነው። በ1980 የወጣው 8087 የተባለው የሂሳብ ቺፕ ንድፉ የተሠራው እዚሁ ነው። እሱም የራሱ ሥራ የነበረው ረዳት ቺፕ ነበር፤ ዋናው ፕሮሰሰር ከባዱን ስሌት ለእሱ ይሰጠዋል። ሥራን ለፈጣን ረዳት መስጠት የሚለው ሐሳብ በዚህች ከተማ የቆየ ሐሳብ ነው። ዛሬም በከተማዋ ደቡብ መግቢያ ማታም በሚባለው የሃይቴክ መንደር ለሚሠራ ወጣት «ይህን ሥራ ማን ይሥራው? እንዴትስ ይድረሰው?» የሚለው የየዕለት ጥያቄ ነው።

ሲ የማይጠቅምበት ጊዜ

ሁሉንም ነገር ወደ ሲ መውሰድ ብልህነት አይደለም። ፕሮግራሙ የሚዘገየው ከኢንተርኔት መልስ እየጠበቀ ከሆነ ሲ አያፋጥነውም፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሩጫ ቢችል ምን ይጠቅመዋል? ሥራው ትንሽ ከሆነም የመንገዱ ወጪ ከጥቅሙ ይበልጣል። ከዚህም ሌላ በሲ የተጻፈ ኮድ ከተሰጠው ቦታ አልፎ ካነበበ ወይም ከጻፈ ፕሮግራሙ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊወድቅ ይችላል፤ የደኅንነት ቀዳዳም ሊከፍት ይችላል።

ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ ይለካል። ፓይተን ራሱ የትኛው ክፍል ስንት ጊዜ እንደተጠራና ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ የሚያሳዩ መለኪያዎች አሉት፤ በነጻ ናቸው። መለኪያው «ይህ የሲ ስሌት አስር ሚሊዮን ጊዜ ተጠርቷል» ካለ ችግሩ የት እንዳለ ታወቀ ማለት ነው። ሳይለካ የሚያርም ሰው ሕመሙን ሳይመረምር መድኃኒት እንደሚሰጥ ሐኪም ነው።

ልጁ ምን አደረገ?

እናትየው የወፍጮውን ነገር ሲሰሙ ሳቁ። ከዚያ ማታውኑ ለልጃቸው ነገሩት። «እማዬ፣ አንድ በአንድ ነው የምልከው» አላቸው። በማግሥቱ ለካ፤ የሲው ስሌት ራሱ የፈጀው ጊዜ ከጠቅላላው እዚህ ግባ የማይባል እንደሆነ አየ። ከዚያ ሦስት ነገር ለወጠ። ቁጥሮቹን ከፋይሉ በቀጥታ ወደ አቁማዳው አነበበ፤ በፓይተን ዝርዝር አልቋጠራቸውም። በሲ የጻፈው ስሌት አንድ ቁጥር ሳይሆን የአቁማዳውን ቦታና ብዛት እንዲቀበል አደረገ። ውጤቱንም አስቀድሞ በተዘጋጀ ሌላ አቁማዳ ውስጥ እንዲጽፍ አደረገ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ይቆይ የነበረው ሥራ ሲኒው ሳይቀርብ አለቀ።

ረቡዕ ማታ ላከው። ከኮዱ ጋር አንድ ገጽ ማብራሪያም አያያዘ፤ መጀመሪያ ምን እንዳጠፋ፣ ምን እንደለካ፣ ምን እንደለወጠ ጻፈ። ድርጅቱ ለሁለተኛ ቃለ መጠይቅ ጠርቶታል። ይቀጠር አይቀጠር ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ቀን አልታወቀም። ነገር ግን በቃለ መጠይቁ ላይ ብዙ ደቂቃ የተነጋገሩት ስለዚያች አንድ ገጽ እንደነበረ ነግሮኛል። ሥራ ለሚፈልጉ ልጆቻችን ሁሉ ምክራችን ይህ ነው፦ ስህተታችሁን አትደብቁ፤ እንዴት እንዳገኛችሁትና እንዳረማችሁት አሳዩ።

የሁለተኛው ወረቀት ጉዳይ

አሁን ወደ ታናሽዋ ልጅ ውል እንመለስ። ብዙ ወላጆች ከጡረታቸውም ከደሞዛቸውም ቆጥበው ለልጆቻቸው ኮርስ ይከፍላሉ። «ፓይተን ተምረሽ በጥቂት ወር ሃይቴክ ትገቢያለሽ» የሚል ማስታወቂያም በየቦታው ይታያል። ፓይተን መማር ጥሩ ነው፤ ብዙ ሥራም ከሲ ጋር አይገናኝም። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ፈታኞች የሚለዩት ትእዛዝ መጻፍ የሚችለውንና ከሥሩ ምን እንደሚሆን የገባውን ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የኮምፒውተር እውቀት ሳያስፈልጋችሁ የሚከተሉትን መጠየቅ ትችላላችሁ፦

1. ተማሪው ፕሮግራሙ ለምን እንደዘገየ መለካትና ማረም ይማራል? ለዚህ ስንት ክፍለ ጊዜ ተመድቧል?

2. መረጃ በሚሞሪ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ትምህርት አለ? ወይስ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው?

3. የተማሪውን ሥራ አንብቦ ስህተቱን የሚነግረው መምህር አለ? ወይስ የተቀዳ ቪዲዮ ብቻ ነው?

4. ከመግባት በፊት ፈተና አለ? ማንንም የሚቀበል ኮርስ ማንንም ሊጥል ይችላል።

5. «ሥራ እናስገባለን» የሚለው ቃል በውሉ ላይ ተጽፏል? ካልሆነስ ምን ይመለሳል?

መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ። ውሉ በዕብራይስጥ ከሆነም ያልገባችሁን ገጽ አትፈርሙ፤ ወደ ቤት ወስዳችሁ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ቦታው ያልቃል» ማለት ብቻውን ለመፍጠን በቂ ምክንያት አይደለም። ልጃችሁ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ከተመዘገበ ደግሞ ሊሽካት ታዓሱካ በምንለው የሥራ ቢሮ በመንግሥት የሚደጎም ስልጠና ይገባው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ መብታችሁም እንጨምር። በእስራኤል ከ1981 ጀምሮ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አለ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገን ግዢ በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ገዢው ዕድሜው 65 ዓመት የሞላው፣ አዲስ መጤ ሆኖ የዑሌ የምስክር ወረቀቱን ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው፣ ወይም አካል ጉዳተኛ ከሆነና ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ የገዛ ከሆነ ጊዜው እስከ 4 ወር ይረዝማል። ያለ ምክንያት ለተሰረዘ እንዲህ ያለ ግዢ ሻጩ የሚይዘው የመሰረዣ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሸቅል ከሚያንሰው መብለጥ የለበትም። ልብ በሉ፦ የሚታየው ውሉን ያደረገው ሰው ነው። የ23 ዓመት ልጅ በራሱ ስም ከፈረመ የአያቱ ዕድሜ አያድነውም። ድርጅቱ ቢሮ ሄዳችሁ ፊት ለፊት የፈረማችሁት ውልም በእነዚህ ቀናት እንደሚሰረዝ አትቁጠሩ። ሐሳባችሁን ከለወጣችሁ ደግሞ ትምህርቱ ሳይጀመር በጽሑፍ አሳውቁ፤ ግልባጩንም ያዙ።

እኒያ እናት አምስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈው ለኮርሱ ሻጭ በስልክ አቀረቡ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች «ይህ ለጀማሪ አያስፈልግም፣ አይጨነቁ» ተባሉ፤ ሥራ የማስገባቱም ቃል በውሉ ላይ አልነበረም። ቀብዱን አልከፈሉም። ልጅቱ አሁን ፓይተንን በነጻ ከሚገኘው ትምህርት ጀምራለች፤ ማታ ማታ ወንድሟ ያያላታል። ሦስት ወር ቆይታ ሙያው መሆኑን ካረጋገጠች የተሻለ ኮርስ እንፈልጋለን ብለዋል።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የሚሠሩት ሥራ በማይታይ ነገር ላይ ስለሆነ «እኛ አይገባንም» ብላችሁ ራቅ አትበሉ። እህል አስፈጭቶ የሚያውቅ ሰው፣ በአስተርጓሚ ተነጋግሮ የሚያውቅ ሰው የዚህን ሙያ ግማሽ ያውቃል። ልጃችሁ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ካያችሁት «ስንት ጊዜ ነው ወፍጮ ቤት የምትመላለሰው?» ብላችሁ ጠይቁት።